የኤሌክትሪክ ስኩተር ባትሪን በአጭር የሚቀጩ ስህተቶች

ሁለት ዓመት መሥራት የሚችል ባትሪ በስምንት ወሩ ለቆራሌው ሲሰጥ ማየት ያንገበግባል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፋብሪካው ነው፤ ባትሪውን የገደለው ግን አያያዙ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ባለ 72 ቮልቱን ስኩተር ነው፤ ባለ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር-ሰዓት (የሚይዙት የኤሌክትሪክ መጠን) የሆኑ ስድስት ሊድ አሲድ ባትሪዎች በተከታታይ የታሰሩበትን።

አንዱን ብቻ በአዲስ መቀየር። ይህ ስህተት እስከ መቼ እንደሚደገም! አንዱ ሞተ ይባላል፣ አዲስ ይገዛል፣ ከአምስት አሮጌዎች ጋር ይታሰራል። አሮጌዎቹ የሚይዙት ትንሽ ስለሆነ ቻርጅ ሲደረጉ ቮልቴጃቸው ቶሎ ከፍ ይላል፤ ቻርጀሩም አዲሱ ሳይሞላ ያቆማል። በየቀኑ ሳይሞላ የሚያድር አዲስ ባትሪ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ያረጃል። የሞተውን ሳያወጡ መንዳትማ ይብሳል። ቻርጀሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ 88 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ ይገፋል። ውስጡ ካሉት ክፍሎች (ሴሎች) አንዱ የሞተ ባትሪ ከ12 ቮልት ብዙም ስለማይዘል የቀረውን አምስቱ ይካፈሉታል፤ ለእያንዳንዱ ከ15 ቮልት በላይ ይደርሰዋል። 14.7 ላይ መቆም የነበረበት ባትሪ ውሃው ይተናል፣ ሆዱ ይነፋል። ሌሊቱን ተሰክቶ አድሮ አረንጓዴ የማያበራ ቻርጀር የሚነግራችሁ ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

በግምት አትቀይሩ፣ ለኩ። ስድስቱን ሞልታችሁ ሁለት ሰዓት አሳርፉ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፣ የመፍቻውን እጀታ በቴፕ ጠቅልሉ፣ ማገናኛ ሽቦዎቹን ፍቱ። ባለ 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል በእያንዳንዱ ባትሪ ላይ አንድ ሰዓት አብሩና አምፖሉ እንደበራ በቴስተር ለኩ። ጤነኞቹ ከ12 ቮልት በላይ ሆነው ይቀራረባሉ፤ የታመመው ወደ 11 ወይም 10 ይወርዳል። ስድስቱንም መቀየር ካልተቻለ ከአምስቱ ጋር የሚመጣጠን ያገለገለ ባትሪ ከአዲስ ይሻላል።

ባዶውን ማሳደር። «ነገ ጠዋት እሰካዋለሁ» አትበሉ። ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ የሚቀረው ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠጥራል፣ በኋላም በቻርጅ አይመለስም። ስኩተሩ ለአንድ ወር የሚቆም ከሆነም ሞልታችሁ አቁሙት፤ በየሁለት ሳምንቱ ሙሉት።

ሻጩ «በአንድ ቻርጅ ይሄዳል» የሚለውን ኪሎ ሜትር ማመን። ያ ቁጥር ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ በአንድ ሰው የተለካ ነው። 20 አምፔር-ሰዓት የሚባለውም ባትሪው 10 አምፔር ለሁለት ሰዓት ሲሰጥ የሚወጣ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ግን ስኩተሩ 30 አምፔር ሊስብ ይችላል። በዚያ ፍጥነት የተሳበ ባትሪ ሃያውን አይሰጥም። ዳገት ለሚበዛበት መንገድ ግማሹን ብቻ አስቡ፤ ዳገቱንም ከታች ጀምሮ ጋዙን ጥርግ አድርጎ ከመያዝ በመጠኑ ውጡት።

የሊድ አሲድ ቻርጀርን ለሊቲየም ባትሪ መጠቀም። መሰኪያው ገጠመ ማለት ቻርጀሩ ይሆናል ማለት አይደለም። ባለ 20 ሴል የሆነው 72 ቮልት ሊቲየም የሚቆመው 84 ላይ ነው፤ 88 የሚገፋ ቻርጀር ሲሰካበት ከእሳት የሚለየው የውስጥ መከላከያ ሰሌዳው ብቻ ነው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩ። አልጋ ሥር ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት።

በክረምት ጎርፍ መግባት። ሞተሩ ያለው የኋላ ጎማው ውስጥ ነው፤ ሽቦዎቹ የሚገቡት ደግሞ በመሐል ዘንጉ በኩል ነው። ውሃው ዘንጉን ካለፈ በዚያ ቀዳዳ ይገባል። ጉዳቱ የዚያን ዕለት ላይታይ ይችላል፤ ከቀናት በኋላ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ውስጡ ያሉት ሴንሰሮች ዝገዋል። ውሃው እግር መርገጫው ከደረሰ አጥፉት፣ ወርዳችሁ ግፉት፤ እስኪደርቅም ቻርጀር አትሰኩ።