ዳውን ሲንድሮም ያለበትን ልጅ ለዕለት ተዕለት ሥራና እንቅስቃሴ እንዴት ማነሳሳት ይቻላል?

ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ከሥራና ከጨዋታ ሲሸሽ «ሰነፍ ነው»፣ «ግትር ነው» ማለት ይቀናናል። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበልም። ልጁ ከ21ኛው ክሮሞዞም (በሕዋሳችን ውስጥ ከወላጅ የወረስነውን መረጃ ከሚሸከሙት ክሮች አንዱ) ሁለት ሳይሆን ሦስት ቅጂ ይዞ ነው የተወለደው። ጡንቻውና መገጣጠሚያው ስለሚላላ፣ ሌላው ልጅ ሳይታወቀው የሚያደርገውን እሱ ደክሞ ነው የሚያደርገው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። የታይሮይድ ዕጢ ድክመት፣ የጆሮና የዓይን ችግር፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥም ይበዛባቸዋል። ሌሊቱን ሲያንኮራፋና ሲገላበጥ ያደረ ልጅ በማግስቱ ቢፈዝ ምን ይገርማል? የልቡ ሁኔታ ሳይታወቅ ሩጫ አታስጀምሩት። የአንገቱ አጥንቶች መጋጠሚያም ሊላላ ስለሚችል፣ ሐኪም ሳይፈቅድ በጭንቅላቱ መገለባበጥ ይቅርበት።

ቀጥሎ አንድ ሥራ ምረጡ፤ አንድ ብቻ። ካልሲ ማድረግ ይሁን። ዘዴው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ጣቶቹን አስገብታችሁ፣ ተረከዙን አሳልፋችሁ ካልሲውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አድርሱትና የቀረችውን ወደ ላይ መሳብ ለእሱ ተዉለት። ስቦ ሲያበቃ ሥራውን የፈጸመው እሱ ነው፤ ደስታውን ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ይህን ሲለምድ ከተረከዙ ጀምሮ ተዉለት፤ ኋላም ከጣቶቹ። ከፊት ከጀመራችሁ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይቀድማል። ደጋግሞ ያልተሳካለት ልጅ መሸሽን ይለምዳል፤ አንዳንዱማ በፈገግታና በጨዋታ አዘናግቶ ያመልጣችኋል።

ስትነግሩት እያሳያችሁት ይሁን። በጆሮ ከሰሙት ይልቅ በዓይን ያዩትን መያዝ ይቀላቸዋል። አጭር ቃል ተናገሩና በልባችሁ እስከ አሥር እየቆጠራችሁ ጠብቁ። ከባዱ ይህ ነው። የእናት እጅ፣ ከእናትም የአያት እጅ፣ ቶሎ ይዘረጋል፤ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም የልጁን ተራ ይወስድበታል። አያትንም አክስትንም አስቀድማችሁ አስረዷቸው።

አሁን በቤቱ ውስጥ የራሱ ድርሻ ይኑረው። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዝጉዝ፣ ፈንዲሻ ያዙር፣ ውኃው በግማሽ በተሞላ ጆግ እንግዳ ያስታጥብ። ታጣቢው «እደግ! ተመንደግ!» ሲለው የሚያገኘውን ጉልበት ከረሜላ አይሰጠውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች፣ አካል ጉዳት ያለባቸውንም ጨምሮ፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነትን የሚያሟሙቅ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ በአንድ ጊዜ መሞላት የለበትም። ጠዋት በእግር እስከ ሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ፣ ማታ ዘፈን ከፍቶ ከቤተሰቡ ጋር እስክስታ፤ እየተቆራረጠ ይደመር። በተለይ እስክስታ ብዙ ልጆች ሳይለመኑ የሚነሡለት ነው። ትንፋሽ ሲያጥረው ወይም ከንፈሩ ሲጠቁር ካያችሁ ግን ወዲያውኑ አሳርፉት፤ ሳትውሉ ሳታድሩም ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።