ከጎንደር ተመርቃችሁ ውጭ አገር በቴክኖሎጂ ሙያ ለመቀጠር፦ ከሲቪው በፊት ቪዛውን አስቡት

ጋዋኑ ተመልሶ፣ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሎ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እንግዲህ ሥራስ?» ማለት ሲጀምር አብዛኞቻችን የምናደርገው ያው ነው። ሲቪ እንጽፋለን፣ ሊንክዲን ላይ ጣታችን እስኪዝል እናመለክታለን፣ ከዚያ ዝም። እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሼ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት እንዲሁ ነው ያቃጠልኳቸው። ጎንደር ማራኪ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ሌሊት ሌሊት፣ ኔትወርኩ ትንሽ ሲሻል፣ ለካናዳውም ለአውስትራሊያውም ለጀርመኑም እልካለሁ። መልስ ከመጣ ደግሞ «በአሁኑ ጊዜ ቪዛ ስፖንሰር አናደርግም» የሚል ነው።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቀጣሪው እናንተን ከመመዘኑ በፊት ራሱ የሚመለስ ጥያቄ አለበት። ከውጭ ሰው ለማምጣት ፈቃድ አለኝ ወይ? የምከፍለው ደመወዝ ሕጉ ካስቀመጠው ወለል ይደርሳል ወይ? እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ኮድ አጻጻፋችሁ የቱንም ያህል ቢያምር አይሆንም። ስለዚህ ፍለጋውን ከቪዛው ጀምሩና ወደ ኋላ ኑ።

መጀመሪያ፦ ወረቀት

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የመውጫ ፈተናውን አልፋችሁ ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ) ይዛችሁ ከሆነ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። ኤምባሲውም ውጭ ያለው ዩኒቨርሲቲም የሚፈልገው ዋናውን ድግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ለዚህ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉ፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳው፣ መዘጋት አለበት። «ሥራ ስይዝ እከፍላለሁ» ብላችሁ የተዋችሁት ዕዳ ልክ ኦፈር (የቅጥር ደብዳቤ) በመጣ ሳምንት ይታወሳችኋል።

ቀጥሎ ስም። የአያቴ ስም ወልደ ገብርኤል ነው። ድግሪዬ ላይ አንድ ቃል ሆኖ ተገጥሟል፣ ፓስፖርቴ ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ተለያይቷል፣ የልደት ካርዴ ላይ ደግሞ መጨረሻው በሌላ ፊደል ተጽፏል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሦስት ሰው። ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለማስጻፍ ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ ሳምንታት ሄዱ። ድግሪው ከመታተሙ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ የእንግሊዝኛ ስማችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ብታመሳክሩ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። ፓስፖርት ገና ያላወጣችሁ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ድግሪውን ይዛችሁ በእሱ አስሞሉ።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ጥር 1994 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ 2002 ነው የተወለደው። ቅጹ ላይ 1994 ብሎ የሞላ ጓደኛ አለኝ። በአንድ ቁጥር ስምንት ዓመት አረጀ። አሥቆን ነበር፣ በኋላ ግን ዕድሜ ነጥብ የሚያሰጥበት ቪዛ እንዳለ ስናውቅ ሳቁ ቀረ።

የቱ በር ለእናንተ ይከፈታል?

አሜሪካን ብዙ ሰው መጀመሪያ ያስባል። ለአዲስ ተመራቂ በቀጥታ የሚሆን አይደለም። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ በዓመት 85,000 ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20,000ው እዚያው አሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ነው፤ ሁሉም የሚደርሰው በዕጣ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 በወጣው አዋጅ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ ማመልከቻ የሚያስገባ ቀጣሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል። ማን ነው ለጀማሪ ይህን የሚከፍል? ዲቪ ሞልቶ መጠበቅም ዕቅድ አይባልም።

እንግሊዝ ጥሩ ነገሯ ግልጽ መሆኗ ነው። ከውጭ ሠራተኛ ለማምጣት ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች በሙሉ በመንግሥቱ ድረ ገጽ በነፃ የሚወርድ ዝርዝር ላይ አሉ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ድርጅት ሊያመጣችሁ አይችልም፣ በቃ። የደመወዙ ወለል ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ በዓመት 41,700 ፓውንድ ነው። ከ26 ዓመት በታች ለሆነ ጀማሪ 33,400 ይሆናል፣ ለሶፍትዌር ሙያ ግን ከዚህም ከፍ ይላል።

ኔዘርላንድስም እውቅና የሰጠቻቸው ስፖንሰሮች መዝገብ አላት። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቷ ድረ ገጽ ላይ ማንም ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ባለሙያ ወለሉ በወር 4,171 ዩሮ ነበር፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ይስተካከላል።

ጀርመን ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ ቢጤ የሚቀርበው እሱ ነው። ብሉ ካርድ የሚባለው ቪዛ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሰውና እጥረት ባለባቸው ሙያዎች ዝቅ ያለ ወለል አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት 43,760 ዩሮ ገደማ ነበር። የአይቲ ሙያ እጥረት ካለባቸው ውስጥ ነው። ጀርመንኛ ለቪዛው ግዴታ አይደለም። ድግሪያችሁ መታወቁን የምታዩት አናቢን በሚባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁን ፈልጉ፣ ጎኑ ላይ «ኤች ፕላስ» የሚል ካለ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ አለቀ፣ ገጹን አትሙና አስቀምጡ። የተማራችሁት ድግሪ ራሱ እዚያ ከሌለ 208 ዩሮ ከፍላችሁ የአቻነት ማረጋገጫ ትጠይቃላችሁ።

ሌላ ሰው ብዙም የማያወራው ነገር፦ የአይቲ ባለሙያ ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ የሦስት ዓመት ልምድ ካለው ያለ ድግሪም ብሉ ካርድ ያገኛል። ድግሪው በወረቀት ችግር ለተያዘበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ቻንሰንካርተ የሚባለው አለ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 የጀመረው። ሥራ ሳይኖራችሁ ሄዳችሁ እስከ አንድ ዓመት የምትፈልጉበት ነው። 6 ነጥብ ይፈልጋል። እስቲ እንቁጠር። ዕድሜ ከ35 በታች 2፣ እጥረት ያለበት ሙያ 1፣ ሲ ዋን (ከፍተኛ) ደረጃ እንግሊዝኛ 1። አራት ሆነ። ጀርመንኛ ቢ ዋን (መካከለኛ ደረጃ) ስትጨምሩ 2፣ ስድስት ሞላ። ደስ አይልም? አይቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 መተዳደሪያ ተብሎ በወር 1,091 ዩሮ፣ የዓመቱን 13,092 ዩሮ፣ ዝግ አካውንት (በየወሩ እየተቆረጠ ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ ማስገባት ይጠበቅ ነበር። ያን ያህል ዩሮ ከየት ይመጣል? ውጭ ያለ ዘመድ ካልኖራችሁ ይህን በር እለፉት።

የእኔ ፍርድ ይኸው፦ ገንዘብም ልምድም ለሌለው የጎንደር ተመራቂ ቀጥታ ቅጥር የሚሳካው ለጥቂቱ ነው። ሁለት ጠመዝማዛ መንገዶች ይሻላሉ።

አንዱ ማስተርስ በስኮላርሺፕ። ኢራስመስ ሙንደስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ የትምህርት ክፍያውንም ይሸፍናል። ዳድ (DAAD) የሚባለው የጀርመን ስኮላርሺፕም አለ። ጀርመን ተምሮ የጨረሰ ሰው ሥራ የሚፈልግበት 18 ወር ይሰጠዋል፣ ኔዘርላንድስ የጨረሰ አንድ ዓመት። ያኔ የምታመለክቱት እዚያው ከተማ ቁጭ ብላችሁ ነው፣ ቀጣሪውም አይፈራም።

ሌላው እዚሁ ሆኖ ለውጭ ድርጅት ሪሞት (በኢንተርኔት) መሥራት ነው፤ ሁለት ሦስት ዓመት። ክፍያው መጀመሪያ ላይ አነስ ይላል። ግን ውል አለ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ፣ «ከእነሱ ጋር ሠርቷል» የሚል የውጭ አለቃ አለ። እኔ የመረጥኩት ይህን ነው።

ዝርዝሩን ይዞ ማመልከት

አሁን የእንግሊዝንና የኔዘርላንድስን የስፖንሰሮች ዝርዝር አውርዱ። በሺዎች የሚቆጠር ስም ነው፣ ሆቴሉም ሆስፒታሉም አብሮ አለ። የሶፍትዌር ድርጅቶቹን እየለያችሁ በኤክሴል ሰንጠረዥ አስገቡ፦ ድርጅቱ፣ ክፍት ቦታው፣ ያመለከታችሁበት ቀን፣ የመለሱት። በቀን ሁለት ማመልከቻ በደንብ የተሠራ፣ ከሠላሳ ግልባጭ ይበልጣል።

ሲቪው አንድ ገጽ። የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የአባት ሥራ አያስፈልግም። ፕሮጀክት ላይ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ የሁላችንም የመመረቂያ ፕሮጀክት የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም ነው። ካልሆነ የላይብረሪ። አምስተርዳም ያለ ሰው ይህን አይቶ አይደነቅም። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጁ የሚቀይር፣ ጳጉሜን በትክክል የሚቆጥር፣ ቴስት የተጻፈለት ትንሽ ኮድ ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ብታስቀምጡ ይሻላል። ለምን እንደሚከብድ ማብራራት የምትችሉት ነገር ነው፣ ኢንተርቪው ላይም የምታወሩት አይጠፋም።

ስለ ቪዛው ራሳችሁ ተናገሩ። አትደብቁ። ከሲቪው ጋር የምትልኩት ደብዳቤ (ካቨር ሌተሩ) መጨረሻ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የሥራ ቪዛ ያስፈልገኛል፤ የእናንተ ድርጅት በስፖንሰሮች መዝገብ ላይ መኖሩን አይቻለሁ። ድግሪዬ የታወቀ ነው፣ ፓስፖርቴ ዝግጁ ነው።» የቅጥር ክፍሉ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው ሂደቱን ስለማያውቀውና ጣጣ ስለሚመስለው ነው። ጣጣውን ቀድማችሁ ካቀለላችሁለት የተለየ ሰው ትሆናላችሁ።

ኢንተርቪው፣ ሰዓትና መብራት

የመጀመሪያውን ከባድ ኢንተርቪዬን ያጣሁት በጥያቄ አይደለም። ቀጠሮው በርሊን ከጠዋቱ 10፡00 ነበር። በክረምታቸው እኛ በሁለት ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ በእኛ ቀን 6 ሰዓት ብዬ ያዝኩ። ሸሚዝ ተኩሼ፣ መብራት ከጠፋ ብዬ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ፒያሳ ሄጄ፣ አንድ ማኪያቶ አዝዤ ጥግ ይዣለሁ። ልክ በ6 ሰዓት ገባሁ። ማንም የለም። ለካ ከሁለት ቀን በፊት፣ እ.ኤ.አ. በማርች የመጨረሻው እሑድ፣ አውሮፓ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታለች። ቀጠሮው በእኛ 5 ሰዓት ነበር። ይቅርታ ጻፍኩ፣ በትሕትና ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ የስልኬ ሰዓት ላይ በርሊንንና ለንደንን ጨምሬያለሁ።

ስልካችሁን ሞልታችሁ ሆት ስፖት ለማድረግ አዘጋጁ። ኔትወርኩ ሲደክም ካሜራውን አጥፉና ምክንያቱን ተናገሩ፣ ማንም አይቀየምም። ዝም ብሎ መጥፋት ነው የሚያስቀይመው።

ሥራ ራሱ ሲፈልጋችሁ

አንድ ቀን በቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። ታይላንድ፣ ዳታ ኢንትሪና የደንበኞች አገልግሎት፣ በወር 1,500 ዶላር፣ ቲኬቱ በእነሱ፣ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር ብቻ። ኢንተርቪው የለም። ለእናቴ ነገርኳት፤ ዶሮ ወጡን እያማሰለች «ልጄ፣ ሳያውቅህ ለምን ይሻሃል?» አለችኝ። ተውኩት።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ማይንማር ድንበር ካሉት የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች በወጡት ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙዎቹ የተወሰዱት በዚህ ዓይነት ቃል ነው፦ ባንኮክ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ ወንዝ ተሻግሮ። ኮምፒውተር የሚችል ልጅ ነው የሚፈልጉት፣ ማለትም እናንተን።

የአገር ውስጡ ደላላ ደግሞ «የሥራ ፈቃድ ማስወጫ» ብሎ ብር ይጠይቃል። ወደ ውጭ አገር የሚደረገውን ስምሪት የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና የሥራ ፈቃድ ወጪ የቀጣሪው መሆኑን ይላል። እናንተ የምትከፍሉት እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለውን ነው። ስለዚህ ለሥራው ራሱ ክፈሉ የሚል ሰው ሲመጣ ስልኩን ዝጉ። ኦፈር ሌተር ሲደርሳችሁም ድርጅቱን መዝገቡ ላይ ፈልጉት፣ ኢሜይሉ ከድርጅቱ ድረ ገጽ አድራሻ ጋር መግጠሙን እዩ።

ኦፈሩ ከመጣ በኋላ

ኤምባሲዎቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፣ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ የማይታመንበት ጊዜ ስላለ አብዛኛው ሰው ከአዘዞ ነው የሚበረው፣ ትኬቱም ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩን ሰብስቡና በአንድ ጉዞ ጨርሱ። ድግሪውን ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጥ፤ የጀርመንኛ ፈተና ካለባችሁ ጎተ ኢንስቲትዩት፤ መጨረሻ ላይ የኤምባሲው ቀጠሮ። ቀጠሮው መጀመሪያ ይያዝ፣ ሌላው በዙሪያው ይደርደር። የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ከኤምባሲው ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ፤ የጓደኛ ዝርዝር ባለፈው ዓመት ላይ የቀረ ሊሆን ይችላል።

እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ኮፒ፣ ሁሉንም ስካን አድርጋችሁ ኢሜይላችሁ ላይ። ፓስፖርቱ ተመልሶ ሲመጣ ከበሩ ሳትወጡ ግለጡት። ስሙን ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑን፣ ቪዛው የሚጀምርበትን ቀን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። የእኔ ወልደ ገብርኤል ሁለት ቃል ሆኖ ነው የመጣው፤ ሦስት ጊዜ አየሁት።