የአየርላንድ የመኳንንት ማዕረግ በእርግጥ ጠፍቷል? አጣርቶ ማወቂያ

መጀመሪያ ማዕረጉ የተሰጠበትን የንጉሥ ደብዳቤ ያንብቡ፤ ውርሱ የሚተላለፈው ደብዳቤው በሚለው ብቻ ነው። አብዛኛው «ከአብራኩ ለሚወለዱ ወንዶች» ይላል። ስለዚህ የዘር ሐረጉን ከመጀመሪያው ተቀባይ ቁልቁል ይሳሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ወንድሙንና የወንድሙን ልጆች ሲጨምሩ ነው፤ ደብዳቤው በልዩ ካልፈቀደ አይወርሱም። የጉዲፈቻ ልጅም አይቆጠርም፤ ወላጆቹ ከወለዱት በኋላ የተጋቡለትም እንዲሁ።

ማዕረጎቹ ብዙ ከሆኑ እያንዳንዱን ለብቻ ይመርምሩ። የብሪታንያው ፖለቲከኛ ጆርጅ ከርዘን እ.ኤ.አ. በ1898 የአየርላንድ ባሮን (ዝቅተኛው የመኳንንት ማዕረግ) ተባለ (ከዚያ ወዲህ አዲስ አልተሰጠም)። በ1925 ሦስት ሴቶች ልጆች ብቻ ትቶ ሲሞት ይህ ማዕረግ ጠፋ፤ ሌላው ማዕረጉ፣ ከባሮን ከፍ የሚለው የስካርስዴል ቫይካውንትነቱ፣ ግን በልዩ ውርስ ለወንድሙ ልጅ አለፈ።

አስቸጋሪው ማስረጃው ነው። በ1922 የደብሊን መዝገብ ቤት ሲቃጠል ብዙ የቤተ ክርስቲያን መዛግብት ወድመዋል። ከ1708 ጀምሮ የተያዘው የርስት ውል መዝገብ ግን ተርፏል፤ ጋብቻና ውርስ እዚያ ይፈልጉ። የአንድ ቅርንጫፍ መጨረሻ ካልታወቀ «ጠፋ» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ማዕረጉ ባለቤት የሚጠብቅ ነው። ወራሽ ነኝ የሚል ሰው ማስረጃውን ለንደን ለሎርድ ቻንስለሩ (ለብሪታንያ መንግሥት የፍትሕ ባለሥልጣን) ያቀርባል።