የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ኮሮና ቢይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኮሮና ስለያዛችሁ፣ ወይም ይይዘኛል ብላችሁ ስለሰጋችሁ ብቻ የግፊት መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ። «ኢናላፕሪል ለኮሮና ያጋልጣል ሲሉ ሰምቼ ተውኩት» የሚል ሰው አሁንም አለ፤ በጣም ያሳስበኛል።

ወሬው ግን ከምንም የተነሣ አይደለም። ቫይረሱ ሴላችን ውስጥ የሚገባው ኤሲኢ-2 በሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። በእንስሳት ላይ የተሠሩ አንዳንድ ጥናቶች ደግሞ የተወሰኑ የግፊት መድኃኒቶች (እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉት) ይህን ፕሮቲን ሊያበዙት እንደሚችሉ አሳይተው ነበር። ስለዚህ ወረርሽኙ ሲጀምር፣ በሩ ከበዛ ቫይረሱም በብዛት ይገባ ይሆን ብለው የጠየቁ ተመራማሪዎች ነበሩ። ጥያቄ ነበር እንጂ ማስረጃ አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማለትም አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረበት ዕለት፣ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር የግፊት ምክር ቤት «መድኃኒቱን አታቋርጡ» የሚል መግለጫ አወጣ። የአሜሪካ የልብ ማኅበራትም በቀናት ውስጥ ይህንኑ አሉ።

ቆይቶ ነገሩ በደንብ ተፈተነ። ብራዚል ውስጥ እነዚህን መድኃኒቶች ሲወስዱ የቆዩና በኮሮና ሆስፒታል የገቡ 659 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለ30 ቀን አቆሙ፣ ግማሾቹ ቀጠሉ። በሕይወት ሆነው ከሆስፒታል ውጪ ያሳለፉት ቀን ሲቆጠር፣ ያቆሙት በአማካይ 21.9፣ የቀጠሉት 22.9 ቀን ሆነ። ልዩነቱ ይህን ያህል የሚባል አይደለም። ማቆም አልጠቀመም ማለት ነው።

በሌላ በኩል መድኃኒቶቹ ኮሮናን ያክማሉ ብለው ተስፋ ያደረጉም ነበሩ። በጽኑ የታመሙ ሰዎች ላይ አዲስ ሲጀመሩ ግን አልረዱም፤ እንዲያውም ሳይጎዱ አልቀሩም። ስለዚህ ግፊት የሌለበት ሰው ለኮሮና ብሎ የጎረቤቱን ሎሳርታን አይዋጥ።

አሁን የኪኒናችሁን ማሸጊያ አውጡና ስሙን አንብቡ። መጨረሻው «ፕሪል» ከሆነ (ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል)፣ ወይም «ሳርታን» ከሆነ (ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን)፣ ያ ሁሉ ወሬ የተወራው ስለእናንተ መድኃኒት ነው። አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ከመጀመሪያውም ክርክሩ ውስጥ አልነበረም። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የምትወስዱ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እነዚህ በአንዴ ሲቋረጡ ልብ ምት ሊፈጥን፣ ደረት ሊወጋ፣ ግፊቱም ሽቅብ ሊወጣ ይችላል።

ቶሎ ሐኪም ማማከር ያለባችሁ አንድ ሁኔታ አለ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ኮሮና አንዳንዱን ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ምግብና ውኃ ያስጠላዋል። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ግፊት በራሱ ይወርዳል። በዚያ ላይ «ፕሪል» ወይም «ሳርታን»፣ ወይም እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሲጨመር ግፊቱ ከልክ በላይ ሊወርድ፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ከአልጋ ስትነሱ ዓይናችሁ ይጨልማል፣ ሽንታችሁ ያንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። እንዲህ ከሆነ በዚያው ቀን ለሐኪማችሁ ደውሉ ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለጊዜው አቁሙ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማቆም ልክ ነው፣ ምክንያቱ የውኃ ማነስ ነው እንጂ ቫይረሱ መድኃኒቱን ስለሚወድ አይደለም። ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት) ጨው አለው ብላችሁ አትፍሩት፤ እያስቀመጣችሁ ከሆነ የወጣውን ነው የሚተካው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ይጠይቅ።

ለትኩሳትና ለቁርጥማት ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሳያልፍ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ከኢናላፕሪልና ሽንት ከሚያበዛ መድኃኒት ጋር ሲደረቡ ደግሞ ለኩላሊት አደገኛ ናቸው። ሰው ግን ራሱን ባመመው ቁጥር ከሱቅ ገዝቶ ይውጣቸዋል። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት የጉንፋን ኪኒን ስትገዙም ግፊት እንዳለባችሁ ለፋርማሲስቱ ንገሩ፤ ብዙዎቹ ግፊት ይጨምራሉ። ዝንጅብል በሎሚ መጠጣት የለመዳችሁ ጠጡ፣ ፈሳሽ ስለሆነ ጥሩ ነው፤ ኪኒኑን ግን አይተካም።

ሳል ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ኢናላፕሪልና ሌሎቹ «ፕሪሎች» ራሳቸው አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ትኩሳት የለውም፣ አክታ የለውም፣ ጉሮሮን እየከረከረ ለሳምንታት ይቆያል። በድንገት የጀመረ፣ ትኩሳትና ድካም ያለበት፣ ወይም ማሽተት ያጠፋ ሳል ከሆነ ግን ተመርመሩ። የመድኃኒቱ ሳል ካስቸገራችሁ ሐኪም ወደ ሎሳርታን ሊቀይርላችሁ ይችላል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ለኮሮና ፓክስሎቪድ ከታዘዘላችሁ የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ዘርዝሩለት። ውስጡ ያለው ሪቶናቪር አምሎዲፒንና ኒፌዲፒን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወገዱ ያደርጋል፣ ስለዚህ ግፊታችሁ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። አንዳንድ የኮሌስትሮል ኪኒኖችንም እንዲሁ ከሰውነት ቶሎ እንዳይወገዱ ያደርጋል።

ቤት ውስጥ መለኪያ ካለ ጠዋትና ማታ ለኩ፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ፣ ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ፣ ቡና ሳትጠጡ። ቁጥሩን ጻፉት። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ፣ ወይም የታመመው ሰው የሚናገረው ከተምታታበት ግን መለካቱን ትታችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ፤ የመድኃኒቶቹን ማሸጊያም በፌስታል ይዛችሁ።

ሐኪም ለጊዜው አቁሙ ብሏችሁ ከነበረ፣ መቼ እንደምትጀምሩ ያኔውኑ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ በደንብ መብላትና መጠጣት ከጀመራችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ተሻለኝ ብሎ በዚያው የሚቀር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።