የመልቀቂያው ቀን ሲደርስ ግፊያው ለምን? የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ችግርና መፍትሄ

ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም ሊያየውና ሊያሻሽለው ለሚችል ፕሮግራም) በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው ደመወዝ የለውም፤ ድካሙን የሚክስለት ሥራው ተጠቃሚ እጅ ገብቶ ማየቱ ነው። የመልቀቂያ (አዲስ ስሪት ለተጠቃሚ የሚወጣበት) መርሐ ግብሩ የተዛባበት ፕሮጀክት በመጀመሪያ የሚያጣው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ምልክት፦ በመጨረሻው ሳምንት የኮድ ጎርፍ

ለወራት ጭር ብሎ የቆየው ፕሮጀክት መልቀቂያው ሲቃረብ በአዳዲስ ለውጦች ይጥለቀለቃል። ኮዱን ከመግባቱ በፊት የሚያዩ ገምጋሚዎች እንቅልፍ ያጣሉ፤ በጥድፊያ የገባው ኮድ ጉድለቱ የሚታየው ተጠቃሚው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ መንገደኛ በር ላይ ይጋፋል። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ይህን አይቶታል፦ ስሪት 2.4 የወጣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001፣ 2.6 ደግሞ በዲሴምበር 2003 ነበር። ይህን ያህል መጠበቅ ያልቻሉ፣ ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚያቀርቡ አከፋፋዮች አዳዲሶቹን ለውጦች እየወሰዱ በየራሳቸው አሮጌ ስሪት ላይ ይለጥፉ ነበር።

መፍትሄው በሩን በታወቀ ቀን መክፈት፣ በታወቀ ቀን መዝጋት ነው። ዛሬ ከርነሉ በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይለቀቃል። አዲስ ነገር የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ የሙከራ ስሪት እየወጣ ስህተት ይታረማል። ያመለጠው ሰው ከሁለት ወር ብዙም ሳይርቅ በሩን ዳግም ክፍት ያገኘዋል። ለአንድ ሰው ሥራ ሲባል መልቀቂያውን ማዘግየት ደግነት ይመስላል፤ በሰዓቱ ያስረከቡትን ሁሉ ግን ይበድላል። ቀኑም ጣዖት አይሁን፦ ከርነሉ ብዙውን ጊዜ 7 የሙከራ ስሪቶች ያወጣል፤ ከባድ ስህተት ከቀረ 8ኛው ይጨመርና አንድ ሳምንት ይገፋል።

ምልክት፦ የተተረጎመው ፕሮግራም እንግሊዝኛ ይናገራል

ይህኛው አማርኛ ለምንተረጉም ሰዎች ቅርብ ነው። ተርጓሚው ሁሉንም መልእክት ጨርሶ አስረክቧል። ስሪቱ ሲወጣ ግን በ«ክፈት» እና በ«አስቀምጥ» መካከል አንድ የእንግሊዝኛ መስመር ተገትሯል።

ብዙ ፕሮጀክቶች በሚጠቀሙበት ጌትቴክስት በተባለው የትርጉም መሣሪያ አሠራር፣ ፕሮግራሙ ትርጉሙን ፈልጎ የሚያገኘው በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ኮድ ጸሐፊው በመጨረሻው ቀን አንዲት ነጥብ ቢጨምርበት እንኳ ሁለቱ አይገጥሙም። የቀድሞው ትርጉም «አጠራጣሪ» የሚል ምልክት ይደረግበትና በተለመደው አሠራር ከፕሮግራሙ ውጭ ይቀራል። ትርጉሙ አልጠፋም፤ ማንም ግን አያየውም።

ስለዚህ ከመልቀቂያው ሳምንታት አስቀድሞ ለተጠቃሚ የሚታዩ ቃላትን መንካት ይታገድ። የሊኑክስ የዴስክቶፕ ገጽታ የሆነው ግኖም በማርችና በሴፕቴምበር ስሪት ያወጣል፤ ከዚያ በፊት ቃላቱን ያግዳል፤ ለውጥ የግድ ሲሆን የትርጉም አስተባባሪዎች ፈቃድ ይጠየቃል። የሴፕቴምበሩ ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጋር ስለሚገጥም፣ የእገዳውን ቀን ቀድሞ ያወቀ የአማርኛ ተርጓሚ በበዓል ዋዜማ ኮምፒውተር ላይ አያፈጥም።

ምልክት፦ ጀማሪው አንዴ ልኮ ጠፋ

ሥራውን ላከ፤ ሳምንታት አለፉ፤ መልስ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ገምጋሚ አንሶ ነው፤ ያሉትም በመልቀቂያው ተወጥረዋል። የመረጃ ቋት ሶፍትዌር የሆነው የፖስትግሬስኪውኤል መላ ደስ ይለኛል፦ በዓመት 5 ወራት ለግምገማ ይመደባሉ፤ ሥራ ያቀረበም በክብደት የሚመጣጠን የሌላ ሰው ሥራ እንዲገመግም ይጠበቅበታል። ጀማሪ ይህን ሲሰማ ይፈራል፤ ነገር ግን ኮዱን አስነስቶ መሞከርና ያዩትን መጻፍም ግምገማ ነው። ጊዜ ፈጽሞ ከሌለ «ደርሶናል፤ ከመልቀቂያው በኋላ በዚህ ቀን እናየዋለን» የሚል አንድ መስመር ይላክለት።

ምልክት፦ ተጠቃሚው ማሻሻል ሰለቸው፣ አሮጌውን የሚጠግነውም ደከመ

ስሪት ሲበዛ ሁለቱም ይደክማሉ። ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔትስ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓመት ከ4 ስሪት ወደ 3 ቀንሷል። በሊኑክስ ላይ የተሠራው ሥርዓተ ክወና ኡቡንቱ በየ6 ወሩ እየለቀቀ በየ2 ዓመቱ ለረጅም ጊዜ የሚጠገን ስሪት ያወጣል። አሮጌ ስሪት መጠገን ግን በጎ ፈቃደኛ የማይሻማበት ሥራ ስለሆነ ማብቂያ ያስፈልገዋል፤ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ለእያንዳንዱ ስሪት 5 ዓመት ይሰጣል። የእናንተ ፕሮጀክት ሁለት ጠጋኞች ብቻ ካሉት አንድ አሮጌ ስሪት ብቻ ያዙ፤ ጥገናው የሚያበቃበትንም ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት።