ለወንዝ ስቲንግሬይ የሚስማማ የገንዳ ጓደኛ አመራረጥ

ጠፍጣፋ አካልና መርዛማ የጅራት እሾህ ያለውን የወንዝ ስቲንግሬይ የተባለ ዓሣ በቤቱ ለማሳደግ የወሰነ ሰው ሰፊ ገንዳ ካዘጋጀ በኋላ ከእሱ ጋር የትኛውን ዓሣ ላኑር ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዓሣ ሻጮች ብዙውን ጊዜ ሰላማዊ የሆነ ማንኛውም ትልቅ ዓሣ ይስማማዋል ይላሉ፤ ምክሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከድንጋይ ላይ አልጌ እየላሰ የሚውል ጭምት ዓሣ የስቲንግሬይን ቆዳ አቁስሎ ለሞት ሊያበቃው ሲችል፣ ሌሎች ዓሦችን እየዋጠ የሚኖር አዳኝ ደግሞ ለዓመታት ሳይነካው አብሮት ሊዋኝ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው ከስቲንግሬዩ ከራሱ አካል መጀመር አለበት።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውን ሞቶሮ የተባለውን ዝርያ እንውሰድ። ሳይንሳዊ ስሙ ፖታሞትራይጎን ሞቶሮ የሆነው ይህ ዓሣ በ1841 በተመራማሪዎች የተገለጸ ሲሆን፣ የሚኖረው በደቡብ አሜሪካ በአማዞን፣ በኦሪኖኮና በፓራና ወንዞች ተፋሰስ ነው። አካሉ የተዋቀረው በልም አጥንት ነው፤ ቆዳውም እንደ ብዙዎቹ ዓሦች በተደራረበ ቅርፊት ስላልተሸፈነ ልጋጉ ከተላጠ በቀላሉ ይቆስላል። ዓይኖቹ ከላይ፣ አፉ ከሥር በመሆኑ የሚበላውን ነገር አያየውም፤ በማሽተትና ከታዳኙ አካል የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት በመለየት ያገኘዋል፤ ካገኘው በኋላም አክንባሎ በምጣድ ላይ እንደሚደፋ ሰፊ አካሉን ይደፋበትና ከሥሩ ይበላዋል። ማረፍ ሲፈልግ አሸዋ ውስጥ ይቀበራል፤ ያን ጊዜ የሚተነፍሰው ከዓይኖቹ ኋላ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ውኃ እየሳበ ነው።

ከዚህ አኗኗር ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። አብሮት የሚኖረው ዓሣ ወለሉን ሊለቅለት፣ ቆዳውንና ዓይኑንም ሊተውለት ይገባል፤ ምግቡንም ሊሻማው አይገባም። በእኔ ግምት ጀማሪዎች የሚዘነጉት ሦስተኛው ነው፤ ብዙ ስቲንግሬይ በንክሻ ሳይሆን በረሃብ ይከሳልና።

በመጀመሪያ መወገድ ያለበት ፕሌኮ የሚባለው አፈ መጣጭ ዓሣ ነው። ለገንዳ ጽዳት ይጠቅማል ተብሎ በየቤቱ ስለሚገባ ማንም አይጠረጥረውም፤ ነገር ግን ሌሊት ስቲንግሬዩ ሲያርፍ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ልጋጉን ይመጣል፣ ቆዳውንም ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ በመጀመሪያ እንደ ክብ ነጭ ጠባሳ ይታያል፤ ሲደጋገም ባክቴሪያ ይገባበታል። ፕሌኮው ትንሽ ከሆነ ደግሞ አደጋው ይገለበጣል፤ ስቲንግሬዩ ሊበላው ሲሞክር የዓሣው ጠንካራ የክንፍ እሾህ በአፉ ወይም በጉሮሮው ይቀረቀራል። ኮሪዶራስን፣ ፒክተስንና ሌሎች እሾሃማ ትንንሽ የአምባዛ ዘመዶችን ከስቲንግሬይ ጋር ማኖር የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጅራተ ቀዩ የአማዞን አምባዛ ደግሞ አድጎ ስቲንግሬዩን ራሱን ለመዋጥ የሚበቃ አፍ አለው።

ፓፈር የተባለው ነካሽ ዓሣ፣ ፍላወርሆርንና ሬድ ዴቭል የመሳሰሉ ክልላቸውን በኃይል የሚጠብቁ ሲክሊድ የተባለው የዓሣ ቤተሰብ አባላት፣ በኢትዮጵያ ሐይቆች የምናውቀው ቆሮሶም ጭምር አይሆኑም፤ ወንዱ ቆሮሶ በመራቢያው ጊዜ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ስለሚሠራና የቀረበውን ሁሉ ስለሚያባርር ስቲንግሬዩ የሚያርፍበት ያጣል። እንደ ኒዮን ቴትራ ያሉ ጥቃቅን ዓሦች ጓደኛ ሳይሆኑ እራት ናቸው።

የሚስማሙት በአብዛኛው በውኃው ላይኛና መካከለኛ ክፍል የሚውሉ፣ ስቲንግሬዩ ሊደፋባቸው የማይችል ቁመና ያላቸው ዓሦች ናቸው። ሲልቨር አሮዋና ከውኃው ገጽ ስለማይርቅ ከስቲንግሬይ ጋር እምብዛም አይገናኝም፤ ሆኖም እጅግ ስለሚረዝምና ስለሚዘል ትልቅ ገንዳና የተቆለፈ ክዳን ይፈልጋል። ሲልቨር ዶላር፣ ሴቨረምና ዳትኖይድ መካከሉን ይይዛሉ። ጂኦፋገስ አሸዋ እያጣራ የሚመገብ በመሆኑ ወለሉን ቢጋራም ጠባዩ ለስላሳ ነው፤ ቢሆንም ከወለል የሚለቅመው ምግብ የስቲንግሬዩ ድርሻ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ማሳነስ ይገባል። ኦስካር የተባለውን ትልቅ ሲክሊድ ብዙዎች ያኖሩታል፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ ሆዳም ከመሆኑም በላይ አንዳንዱ የስቲንግሬዩን ዓይን የመጎንተል ልማድ ያወጣል።

በሚስማሙትና በማይስማሙት መካከል የሚገኘው ቢቺር ነው። የዚህ ጥንታዊ ዓሣ ዘመዶች በእኛው የባሮ ወንዝ ጭምር ይገኛሉ። አፍንጫው ንቁ፣ ጠባዩ ዝግተኛ ሲሆን ትልልቆቹ ዝርያዎች ከስቲንግሬይ ጋር ሲኖሩ ይታያል፤ ነገር ግን ወለል ላይ ስለሚውልና ምግብን በማሽተት ፈልጎ ስለሚያገኝ ቀጥተኛ ተሻሚው ነው። ትንሹ ሴኔጋል ቢቺር ደግሞ ራሱ የመበላት ዕድል አለው።

ከጓደኛው ማንነት በፊት ግን ቁጥሩ ይታሰብ። ያደገ ሞቶሮ ርዝመቱ ከ2 ሜትር፣ ወርዱ ከ1 ሜትር የማያንስ ገንዳ ይሻል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ከዚህ ቆሻሻ የሚመነጩት መርዛማ ውህዶች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ ሆነው መቆየት ስላለባቸው እያንዳንዱ ተጨማሪ ትልቅ ዓሣ የማጣሪያውን ሸክም ያከብደዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በጉልህ ስለሚያንስና መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ስለሚቆም፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ የሌለው ሰው ስቲንግሬዩን ብቻውን ቢያኖር ይሻለዋል። ካሊፎርኒያ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ የወንዝ ስቲንግሬይ ማኖር በግዛቲቱ ሕግ የተከለከለ መሆኑን ይወቁ።

ሌላ ስቲንግሬይ መጨመርም ይቻላል፤ ግን ጾታቸውን መለየት ያስፈልጋል። ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ጣት መሰል አካላት ያሉት ወንድ ነው። ወንዱ በመራቢያ ጊዜ የሴቷን የአካል ጠርዝ እየነከሰ ስለሚያሳድዳት፣ አንድ ወንድ ከአንዲት ትንሽ ሴት ጋር መዝጋት እሷን ማስጨነቅ ነው።

አዲስ ገቢ ዓሣ ሁሉ በሌላ ገንዳ ቢያንስ ለ4 ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። በሽታ ይዞ ከገባ፣ ብዙዎቹ መድኃኒቶች፣ በተለይ መዳብ ያለባቸው፣ ለስቲንግሬይ መርዝ ስለሆኑ በዋናው ገንዳ ውስጥ ማከም አይቻልም። ከተቻለ መጀመሪያ ስቲንግሬዩ ይግባና በደንብ መመገብ ሲጀምር ሌሎቹ ይከተሉ።

በምግብ ሰዓት ለላይኞቹ ዓሦች ተንሳፋፊ ምግብ በገንዳው አንድ ጥግ አስቀድሞ ይሰጣቸውና ሲጠግቡ፣ ለስቲንግሬዩ የምድር ትል ወይም የተቆራረጠ ሽሪምፕ በሌላው ጥግ እስከ ወለሉ ይውረድለት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከላይ ሆኖ የጅራቱን መነሻ ማየት ይጠቅማል፤ በዚያ ግራና ቀኝ የዳሌው ልም አጥንት ጎልቶ ከታየ፣ ምግቡን የሚቀማው አለ ማለት ነው። የአካሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ግን ነገሩ አስቸኳይ ነው፤ በቅድሚያ የውኃው ጥራት ይለካ።

ያልተስማሙትን መለየት ሲያስፈልግ፣ ከተቻለ ስቲንግሬዩን ትቶ ሌላውን ማውጣት ይመረጣል። እሱን ማንቀሳቀስ የግድ ከሆነም፣ መርዛማው የጅራት እሾህ መረብ ላይ ስለሚጠላለፍ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ከሥሩ አስገብቶ ከነውኃው ማንሳት ያስፈልጋል። ከወጋ፣ የተወጋው እጅ ወይም እግር ወዲያው ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባልበለጠ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከር፤ ሙቀቱን ሌላ ሰው ወይም ያልተወጋው እጅ ይፈትሸው፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።