አለቃ በቃል ሲያዛችሁ ሁለት መስመር ጻፉ

ሐዋሳ ከውጭ ዜጎች ጋር ለምትሠሩ፣ ይቺን ያዙልኝ። አለቃችሁ በቃል ያዘዘውን እዚያው ቀን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉለት። ምን፣ በማን፣ መቼ። በቃ።

እኔ የተማርኩት ተጎድቼ ነው። የቀድሞ አለቃዬ የውጭ ሰው ነበር። ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ "ሪፖርቱን ነገ በ9 ሰዓት" አለኝ። እሱ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ከምሳ በኋላ ያለው 9 ሰዓት መሰለኝ። 6 ሰዓት ሙሉ ዘገየሁ። ስብሰባ ላይ ስሜ በክፉ ሲነሳ የማሳየው አንድም ጽሑፍ አልነበረኝም። በጣም ነው ያመመኝ።

አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፦ "እንደተነጋገርነው ሪፖርቱን ነገ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 9 ሰዓት አደርሳለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።" ቀን ካለበትም በሁለቱም አቆጣጠር።

"ያርሙኝ" የምትለዋን አትተዉ። ያለሷ መልእክቱ ማስረጃ መሰብሰብ ይመስላል፣ ሰው ይቀየማል። ደግሞ ግሩፕ ላይ ሳይሆን በውስጥ ላኩ። በተለይ አለቃችሁ በዕድሜ ገፋ ያሉ ከሆኑ፣ ሰው ፊት መታረም ይከብዳቸዋል። ካልመለሱላችሁ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ደውሉ።